በፓራሌሎግራም ውስጥ ያልታወቀውን መጠን ስለ ማግኘት

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን የፓራሌሎግራምን ጠባዮች እንደ ዳዊት በቃላችን እንወጣቸው ነበር። ይሁን እንጂ ጥያቄ ሲቀርብልን እንስት ነበር፤ ስሕተቱም የስሌት ሳይሆን ሥዕሉን አስተውሎ ያለማየት ነበር። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ፓራሌሎግራም ማለት ፊት ለፊት ያሉት ጎኖቹ ትይዩ የሆኑ ባለ አራት ጎን ቅርጽ ነው። አንድ ሰያፍ መስመር ብናሰምርበት በሁሉ ነገር እኩል ለሆኑ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ይከፈላል። ከዚህም የተነሣ ፊት ለፊት ያሉት ጎኖችና ማዕዘኖች እኩል ይሆናሉ፤ ይህንንም የግሪኩ ሊቅ ዩክሊድ በኤለመንትስ አንደኛ መጽሐፍ በ34ኛው አንቀጽ አስረድቶታል። ጎን ለጎን ያሉት ማዕዘኖች ግን ሲደመሩ 180 ዲግሪ ናቸው።

እንግዲህ ሁለት ማዕዘኖች 3ሸ + 10 እና 5ሸ − 30 ዲግሪ ናቸው እንበል። ፊት ለፊት ከሆኑ፣

3ሸ + 10 = 5ሸ − 30፤ ሸ = 20

ስለዚህ እያንዳንዳቸው 70 ዲግሪ ናቸው። ጎን ለጎን ከሆኑ ግን፣

8ሸ − 20 = 180፤ ሸ = 25

ማዕዘኖቹም 85 እና 95 ዲግሪ ይሆናሉ። ሁለቱም መልሶች ያማሩ ናቸው፤ ስለዚህ የቁጥሩ ማማር የመልሱን እውነተኛነት አያረጋግጥም። የሚፈርደው የማዕዘኖቹ አቀማመጥ ብቻ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ፊት ለፊት ያሉት ጎኖች 3ሸ − 1 እና ሸ + 7፣ ሦስተኛው ጎን ደግሞ 2ሸ − 9 ቢሆኑ፣ ሸ = 4 እናገኛለን። ሁለቱ ጎኖች 11 ሲሆኑ ሦስተኛው −1 ይሆናል። ከዜሮ ያነሰ ርዝመት ያለው ጎን ስለሌለ እንዲህ ያለ ቅርጽ ከቶ አይገኝም፤ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው።

ይህ ጥንቃቄ ለፈተና ብቻ የሚጠቅም አይደለም። አናጢ ፊት ለፊት ያሉትን የመቃን እንጨቶች እኩል ቆርጦ ቢያጋጥም መቃኑ ፓራሌሎግራም ይሆንለታል፤ ነገር ግን ያዘነበለ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ሰያፎች በገመድ ለክቶ እኩል ሲያገኛቸው ብቻ ማዕዘኖቹ 90 ዲግሪ መሆናቸውን ያውቃል።

ስለዚህ በመጀመሪያ አቀማመጡን እንመርምር፤ ቀጥሎ እኩልታውን እንጻፍ፤ በመጨረሻም ያገኘነውን ቁጥር ይዘን ወደ ሥዕሉ እንመለስ።