ያውቁ ኖሯል? ፊልም ብርቅ የሚሆነው ፈላጊ ስላጣ ብቻ አይደለም

የፊልም አዘጋጁ የኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» እ.ኤ.አ. በ1993 በበርሊን ፊልም ፌስቲቫል ቢታይም የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊት ነሱት። ኃይሌና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ሲያሳዩት ግን ተመልካቹ ጎረፈ። ካሴቱንና ዲቪዲውንም ያሠራጩት ራሳቸው ናቸው፤ ዋሽንግተን ውስጥ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ የከፈቱት የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ዛሬም በፊልሙ ስም ይጠራል። እንግዲህ እጥረቱን የፈጠረው የአከፋፋይ እንጂ የተመልካች እንቢታ አልነበረም። የዲዝኒ «የደቡብ መዝሙር» (1946) ደግሞ በተቃራኒው ባለመብቱ ራሱ የያዘው ፊልም ነው፤ ጥቁሮችን በሣለበት መንገድ ስለተወገዘ በአሜሪካ ሙሉው በካሴት ወጥቶ አያውቅም፣ በብሪታንያ ግን ተሸጧል። ያም ካሴት ከአሜሪካው በሚለየው፣ ፓል በተባለው የቪዲዮ ሥርዓት የተቀዳ በመሆኑ በተለመደው የአሜሪካ ማጫወቻ በትክክል አይታይም። ስለዚህ ፈላጊ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት መብቱ በማን እጅ እንዳለና በየትኛው አገር እንደታተመ ነው።

«ዛሬ ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ «ሳንኮፋ» ታድሶ በ2021 ኔትፍሊክስ ላይ ወጥቷል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ሥርጭት በውል የሚታሰር ነው፤ ውሉ ሲያበቃ ፊልሙ ይነሳል። ዲስኩን የገዛ ሰው ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ያየዋል። እርግጥ ካሴት እርጥበት ካገኘው ይሻግታል፤ ሁለቱም ከተገኙ ዲቪዲውን ማስቀደም ይሻላል።