ተጨማሪ መረጃ፦ ለጀማሪ ፕሮግራመር መልስ መስጠት

በጋሞ ደጋ ባለችው ኦቾሎ የጋራ ጉዳይ በጉባኤ ይመከራል፤ ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሥርዓት ተንትኗል። ምክክር መደማመጥን እንደሚጠይቅ ሁሉ የጀማሪ ፕሮግራመር ጥያቄም ከመልሱ በፊት አዳማጭ ይሻል።

ጀማሪው «ፕሪንት» የሚለውን የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ትዕዛዝ በትልቅ የላቲን ፊደል ቢጀምር ኮምፒውተሩ የስህተት መልእክት ያወጣል፤ ይህም ፕሮግራሙ የቆመበትን መስመርና ምክንያቱን የሚገልጽ ጽሑፍ ነው። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው እሱን ለለመደ ጀማሪ ስህተቱ በቀላሉ ከዓይን ሊያመልጥ ይችላል፤ «ይህማ ተራ ነገር ነው» ማለት ግን ጠያቂውን ዝም ያሰኛል። መልካም መላሽ መልእክቱን አብሮ ያነባል፣ መስመሩን ያመለክታል፣ ምክንያቱን ያስረዳል። እርማቱን ለጠያቂው ይተዋል፤ የተጠናቀቀ ኮድ መስጠት ትምህርቱን ይነጥቀዋልና።

ተማሪዎች ይህንኑ ስህተት ሆን ብለው ፈጥረው ለጓደኛቸው በቃል ብቻ ለማስረዳት ይሞክሩ።