ስለ ክሮስቦው ፍላጻ ክብደት

ክሮስቦው ማለት እንደ ጠመንጃ ሰደፍና ምላጭ ያለው፣ በአግድም የተሰካ ደጋን ነው። በሰሜን አሜሪካ አጋዘን የሚያድኑበት ብዙዎች ፍላጻ ሲገዙ አስቀድመው የሚጠይቁት ፍጥነቱን ነው። እኛ ግን ክብደቱ ይቅደም እንላለን።

ምክንያቱን በስሌት እናሳይ። ደጋኑ ለፍላጻው የሚሰጠው ጉልበት የተወሰነ ነው። 26 ግራም የሚመዝነው ፍላጻ በሰከንድ 107 ሜትር ቢወረወር፣ በዚያው ጉልበት 32 ግራም የሚመዝነው 96 ሜትር ያህል ይሄዳል። ይሁን እንጂ ክብደቱ በፍጥነቱ ሲባዛ የሚገኘው ግፊት በከባዱ ዘንድ በ11 ከመቶ ያህል ይበልጣል፤ ቆዳና ሥጋ አልፎ ሳንባ ለመድረስ የሚረዳውም ይኸው ነው። ዕዳም አለበት፤ የአየሩን ተቃውሞ ትተን ብናሰላ፣ ማነጣጠሪያው ካልተስተካከለ በ30 ሜትር ላይ ከባዱ 9 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። ርቀት መገመት የማይችል አዳኝ አጋዘኑን አቁስሎ ጫካ ይሰደዋል፤ ይህ ደግሞ ከመሳት የከፋ ነው።

የሚጨመረው ክብደት በጫፉ በኩል ይሁን፤ ፊቱ የከበደ ፍላጻ ክንፉ ከኋላ እየያዘው ቀጥ ብሎ ይሄዳልና። እጅግ ቀላል ፍላጻ መተኮስ ግን ባዶ ደጋን እንደ መልቀቅ ነው፤ ፍላጻው ያልወሰደው ጉልበት ክንዶቹን ሊሰነጥቅ ይችላል። ስለዚህ ሠሪው ከወሰነው ክብደት መውረድ አይገባም።

ከሁሉ የምታስፈራው ትንሿ ነገር ናት፤ ይህችውም ጅማቱ የሚያርፍባት የፍላጻው የኋላ ቆብ ናት። አንዳንዷ ጠፍጣፋ፣ አንዳንዷ ጎድጓዳ ናት። ለዚያ ደጋን ያልታዘዘችው ከተገጠመች ጅማቱ በፍላጻው ላይ ዘሎ ያልፍ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ፍላጻው ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም፣ ደጋኑም እንደ ባዶ ተለቆ ሊሰበር ይችላል።