በራይን ወንዝ ጭቃ ውስጥ ስለ ቈየው የሮማውያን ማጣበቂያ

የጥንት ሮማውያን መንግሥት ታላቅነት በተነሣ ጊዜ ኹሉ የሚወራው ስለ ድንጋይ መንገዱ፥ ስለ ድልድዩ፥ ስለ ሕጉና ስለ ሠራዊቱ ነው። ስለ ሙጫው የሚያነሣ ግን የለም። ሙጫ ከዕቃው ውስጥ ተሰውሮ የሚኖር ነገር ስለ ኾነ፥ ሥራውን በደኅና እስከ ሠራ ድረስ ማንም አያየውም፤ የሚታወሰው ሥራውን ያቋረጠ ቀን ነው። በጀርመን አገር የተገኘ አንድ የወታደር የራስ ቍር ይህን የተሰወረ ጥበብ ወደ ብርሃን ስላወጣው፥ ነገሩን ለአንባቢዎቻችን ዘርዘር አድርገን ልንገልጽ ወደድን።

ክሳንተን የምትባለው ከተማ በራይን ወንዝ ምዕራብ ዳር ያለች ናት። በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን ሮማውያን በዚያ አጠገብ ቬቴራ የሚባል ታላቅ የጦር ሰፈር ሠርተው፥ ከወንዙ ማዶ ያሉትን የጀርመን ነገዶች የሚወጉት ከዚያ እየተነሡ ነበር። ራይን ግን በአንድ መንገድ ብቻ ሲፈስ የኖረ ወንዝ አይደለም። በየዘመኑ መውረጃውን እየለወጠ ስለ ሄደ፥ ቀድሞ የወንዝ ወለል የነበረው ስፍራ ዛሬ ሌላ ኾኖ ይገኛል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም. ከዚህ ከቀድሞው የወንዝ ወለል ላይ ኹለት ሺህ ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው የሮማዊ ወታደር የራስ ቍር ተገኘ። ቍሩ ከብረት የተሠራ ሲኾን፥ በላዩ ከብር የተቀረጹ የሎረል ቅጠሎች ነበሩበት። የሎረል ቅጠል በሮማውያን ዘንድ የድል ምልክት ነው።

የራስ ቍሩ እንዲታደስ በቦን ከተማ ወደሚገኘው የራይን አገር ቤተ መዘክር ተላከ። በዚያ የጥንት ዕቃ አዳሽ የኾነው ፍራንክ ቪለር ብረቱን ለመመርመር ጥቂት ቍራጭ ሊወስድ በቀጭን መጋዝ ሲቈርጥ፥ ከመጋዙ የመጣው ሙቀት ወደ ብሩ ተላለፈና የብር ቅጠሎቹ ከብረቱ እየተላቀቁ ተነሡ። ከበስተኋላቸውም የማጣበቂያ ክር ተስቦ ታየ። እስከዚያች ቀን ድረስ በሌሎች የሮማውያን የራስ ቍሮችና የጦር ጭንብሎች ላይ የብር ጌጥ ምልክት ይታይ ነበር እንጂ፥ ያጣበቀው ነገር ከዘመን ብዛት ጠፍቶ ስለ ነበር ሊመረመር አልተቻለም። ይህ ወሬ በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ በዓለም ጋዜጦች ተነገረ።

በምርመራ እንደ ተገለጸው ማጣበቂያው ከሦስት ነገሮች የተሠራ ነው፤ እነርሱም የምድር ዝፍት፥ ከዛፍ ቅርፊት የወጣ ዝፍትና የእንስሳ ስብ ናቸው። ይህን ሲሰሙ አንዳንዶች ተራ ነገር ነው ይሉ ይኾናል። ለእኛ ግን ተራ መስሎ አልታየንም። የከብት ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣው ሙጫ በሮማውያን ዘንድ የታወቀ ነበር፤ ለእንጨት ሥራም እጅግ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ርጥበት ሲነካው ይለሰልሳል፥ ውሎ ሲያድርም ይፈታል። ዝናብና ላብ በማይለየው በፈረሰኛ ራስ ላይ ለሚውል ዕቃ ይህ ሙጫ አይኾንም። ሠራተኛው ይህን ዐውቆ ቆዳውን ትቶ ዝፍቱን መረጠ። ዝፍት ውሃን አያስገባምና።

ዝፍት ብቻውን ደግሞ ሲበርደው ይደርቅና ይሰነጠቃል። ብርና ብረት በሙቀት ጊዜ እኩል የሚሰፉ አይደሉም፤ ብሩ ከብረቱ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይበልጥ ይሰፋል፥ ሲበርድም በዚያው መጠን ይሰበሰባል። የራስ ቍሩ ቀን በፀሐይ ግሎ ሌሊት በብርድ ሲቀዘቅዝ ኹለቱ ብረቶች በየጊዜው ይሳሳባሉ ማለት ነው። በመካከላቸው ያለው ማጣበቂያ ደረቅ ከኾነ በጥቂት ወራት ይሰበራል። ስቡ የተጨመረው ዝፍቱን እንዲያለሰልሰውና አብሮ እንዲሳብ ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል። ከዚህም በላይ ብርና ብረት በርጥብ ቦታ ተነካክተው ሲቀመጡ ብረቱ ብቻውን ከሚዝገው ይልቅ ፈጥኖ ይዝጋል፤ ዝፍቱ ግን በመካከል ገብቶ ኹለቱን ይለያል። ሠራተኛው የዚህን ምክንያት ያውቅ ነበር አንልም፤ በልምድ ግን የትኛው ዕቃ ቶሎ እንደሚበላሽና የትኛው እንደሚቈይ ሳያይ አልቀረም።

ጭቃውም የራሱን ድርሻ አድርጓል። ከወንዝ ወለል በታች ባለ ጭቃ ውስጥ አየር በብዛት ስለማይገባ፥ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያበላሹት ረቂቃን ፍጥረታት እንደ ልብ አይሠሩም። ኹለት ሺህ ዓመት ውሃ ያላሸነፈውን ማጣበቂያ ያሸነፈው የአንዲት ቀጭን መጋዝ ሙቀት ነው። ዝፍት ጠባዩ እንዲህ ነውና፤ በውሃ ይጸናል፥ በሙቀት ይቀልጣል። ያው ሠራተኛ ሲያጣብቀውም አሙቆ በማቅለጥ ሳይኾን አይቀርም።

መጻሕፍትን ለሚያነብ ሰው ግን የዝፍት ነገር እንግዳ አይደለም። የኖኅ መርከብ በውስጥም በውጭም በቅጥራን የተለቀለቀች መኾኗን፥ የሰናዖር ሰዎች ግንባቸውን ሲሠሩ በጭቃ ፈንታ የምድር ዝፍት እንደ ነበራቸው፥ የሙሴም እናት የደንገል ሣጥኗን በዝፍት እንደ መረገች ከኦሪት እናውቃለን። ሮማውያንም የይሁዳን የጨው ባሕር ከዚያ ስለሚወጣው ዝፍት የዝፍት ባሕር ይሉት ነበር። የዛፍ ቅርፊት ዝፍት ደግሞ ከዚያ ኹሉ የቀደመ ነው። በ1991 ዓ.ም. በአልፕስ ተራራ በረዶ ውስጥ ሬሳው የተገኘው፥ ከ5,000 ዓመት በፊት የኖረው ሰው፥ የፍላጾቹን ጫፍ ከእንጨቱ ጋር ያያዘው በርች ከሚባለው የብርዳም አገር ዛፍ ቅርፊት በወጣ ዝፍት ነበር። ቅርፊቱ አየር እንዳይገባበት ተከድኖ ሲግል ጥቍር ዝፍት ያወጣል፤ አየር ከገባበት ግን ይነድና ዐመድ ይኾናል። ሥራው ቀላል ቢመስልም ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው።

ጋውል የሚባሉት ሕዝቦች ከበርች ዛፍ ዝፍት ቀቅለው ያወጡ እንደ ነበር የጻፈው ታላቁ ፕሊኒዮስ ነው። እርሱም በ79 ዓ.ም. የቬሱቪዮስ ተራራ እሳት በተፋ ጊዜ የሞተው ሊቅ ነው። ስለ ፍጥረት የጻፈው መጽሐፍ 37 ክፍል ሲኾን፥ ስለ ዕንቍ፥ ስለ ዛፍ፥ ስለ መድኀኒት፥ ስለ ሙጫ ሳይቀር ይናገራል። ብዙ ሰዎች ይህን ሊቅ በመጻሕፍት መካከል ተቀምጦ የኖረ ይመስላቸዋል። እርሱ ግን በጐልማስነቱ በራይን ዳር የፈረሰኛ ጦር አለቃ ነበር፤ በፈረስ ላይ ኾኖ ጦር ስለ መወርወርም መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ መጽሐፉ ግን ጠፍቷል። በዚያችው በክሳንተን ከምድር የወጣ፥ በብር የተለበጠ የፈረስ ጌጥ በለንደን ቤተ መዘክር ተቀምጦ ይገኛል። በላዩም በጥቃቅን ነጠብጣብ የፕሊኒዮስ ስምና የፈረሰኛ አለቃነቱ ማዕርግ ተጽፎበታል።