የመካነ ሰላምን ወተት ማን መረመረው?

መካነ ሰላም ሳለሁ ጠዋት ጠዋት ወተት የምገዛቸው አንዲት እናት ነበሩ። አንድ ቀን የሞላውን የሃይላንድ ጠርሙስ እንደያዙ ቆም አሉና «ልጄ፣ አንተ ማንበብ ታውቃለህ» አሉኝ። «አሜሪካን አገር ላሞቹን የወፍ ጉንፋን ያዛቸው፣ ወተታቸው መርዝ ሆነ ይላሉ። ሁለት ደንበኛ ቀረብኝ። የኔ ላም ምን አድርጋ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄያቸው ግን አልለቀቀኝም።

ወሬው ከመሬት የተነሣ አልነበረም። መጋቢት 16 ቀን 2016 ዓ.ም. የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት በቴክሳስና በካንሳስ የሚታለቡ ላሞች ኤች5ኤን1 በተባለው የወፍ ጉንፋን መያዛቸውን አስታወቀ። ላሞቹ መብላት ቀነሱ፣ ወተታቸው ጎደለ። የታለበውም እንደ እንገር ወፍራምና ቢጫ ሆነ። ጥሬውን የጠጡ የእርባታው ድመቶች ሞቱ። ቫይረሱ የሚከማቸው ጡት ውስጥ ስለሆነ ከላም ወደ ላም ያዛመተው በአብዛኛው የማለቢያው መሣሪያ እንደሆነ ይታመናል። ከሱቅ ከተወሰዱ ናሙናዎች ከ5ቱ በ1ዱ ገደማ የቫይረሱ ቅሪት ሲገኝ፣ ሕይወት ያለው ቫይረስ ግን አልተገኘም። የሱቅ ወተት ቢያንስ በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ይሞቃላ! የኛ ወተት ግን ከጡት ወደ ቅል፣ ከቅል ወደ ሃይላንድ ነው፤ እሳት አያውቅም።

እኔን የወፍ ጉንፋኑ አይደለም ያስጨነቀኝ። ከእርሱ ቀድሞ ደጃችን የደረሰ የከብት ነቀርሳ (ቲቢ) አለ።

ነገሩ ሩቅ ይጀምራል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1939 ዓ.ም. ግድም፣ ኡንራ የተባለው የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ለኢትዮጵያ ሰጠ። ዘመናዊ የወተት ሥራችን የሚቆጠረው ከዚያ ነው። «የፈረንጅ ላም» የምንላት ወተቷ ብዙ ነው፤ ለነቀርሳ ግን ከሐበሻ ላም ይልቅ ትጋለጣለች። በ2005 ዓ.ም. የወጣ አንድ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ካሉ 88 እርባታዎች 2,956 የወተት ከብቶችን መርምሮ ነበር። ከከብቶቹ 30 በመቶው፣ ከእርባታዎቹም ግማሹ በሽታው ተገኘባቸው። ምርመራው ከባድ አይደለም። የላሟ የአንገት ፀጉር ይላጫል፣ ቆዳዋ ይወጋል፣ ከ72 ሰዓት በኋላ እብጠቱ ይለካል።

ሌላም ያነበብኩት አለ። በአገራችን ከሚታከሙ የነቀርሳ ሕሙማን ሲሶ ያህሉ በሽታቸው ከሳንባ ውጭ ነው፤ ብዙዎቹ የአንገት እጢያቸው ያብጣል። ሊቃውንቱ ይህ ነገር ከጥሬ ወተት ይሆን ብለው ጠረጠሩ። ከሕሙማኑ የተወሰደውን ተህዋሲ ዘር ሲለዩት ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ሆኖ ተገኘ፤ የከብቷ እጅግ ጥቂት ነው። ይህን ሳነብ እናቲቱን አስቤ ደስ አለኝ። ጥቂት ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ላም የሚያስወርደው ብሩሴሎሲስም በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል። የተዳቀለች ላም ከመሐል አገር ተገዝታ፣ በመኪና ተጭና ስትመጣ በሽታዋም አብሯት ይመጣል።

ወደ መካነ ሰላም ስትገባ ማን ያያታል? ይህን ልጠይቅ ወደ አንድ ኃላፊ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ሁለቴ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። በሦስተኛው «ከበላይ ደብዳቤ ይዘህ ና» አሉኝ። የእንስሳት ላቦራቶሪ ኮምቦልቻ አለ፣ ብሔራዊውም ሰበታ አለ፤ ከመካነ ሰላም ግን ሁለቱም ሩቅ ናቸው።

ወደ እናቲቱ ተመልሼ ወተቱን አፍልተው ቢሸጡስ አልኳቸው።

«ወላሂ ልጄ፣ የፈላ ወተት እርጎ አይወጣውም» አሉኝ። «እኔ ጡቷን አጥቤ፣ ቅሌን በወይራ አጥኜ ነው የማልባት። በናንተ ፆም ወተቱ ይተርፈኛል፤ እሱን አረጋውና እንጠዋለሁ፣ ቅቤው ለልጆቹ ደብተር ይሆናል። ሁሉንም አፍዪው ካልከኝ ቅቤዬ የት ይሂድ? ማገዶውንስ ማን ይገዛልኛል?»

የወይራው ጭስ ወተቱን ጥሩ መዓዛ ይሰጠዋል፣ ቶሎ እንዳይበላሽም ያግዛል፤ እንደ እሳት ግን ነቀርሳን አይገድልም። ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩ።

«እንግዲያው ሐኪሙ ይምጣና ይመርምራት። ታማ ከተገኘች ትታረድ፣ አላህ ያየኛል፤ ለሰው ልጅ በሽታ አልሸጥም። ግን ምትኳን ማን ይሰጠኛል? እሷ እኮ ቤቴ ናት።»

ከሰማሁት ሁሉ ትልቁ ነገር ይህ ነው። የታመመች ላም ካሣ ከሌላት ባለቤቷ ለምርመራ አያቀርባትም፤ ሌሊት ወደ ሌላ ገበያ ትነዳለች። በጥሬ ወተት ሳቢያ ማንም ቢታመም ጣት የሚቀሰረው ሃይላንድ በያዘችው ሴት ላይ ነው።

እናቲቱ ዛሬ ለጠጪ የሚሸጡትን አፍልተው፣ የሚያረጉትን ለብቻ አድርገው ይውላሉ። የማገዶው ወጪ ከራሳቸው ኪስ ነው።

ለወረዳውም ለዞኑም የማቀርበው ልመና አንድ ነው፤ ተገዝታ የምትገባ የተዳቀለች ላም ሳትመረመር አትደባለቅ፣ ታማ ከተገኘችም ለባለቤቷ ምትክ ይታሰብ። እስከዚያው አንባቢ ሆይ፣ ወተቱን አፍልተህ ጠጣ፤ ለልጅህም አፍልተህ ስጠው።