ጭነት ሲከብደው ጉልበት የሚያጣ የጀልባ ሞተር
በባሮ ወንዝ ዕቃ ለሚያመላልሱ ነጋዴዎች የሚጠቅም ማስታወሻ

የባሮ ወንዝ በኢትዮጵያ የንግድ ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ ያለው መሆኑ የታወቀ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (በአውሮጳ አቈጣጠር 1902) ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል፥ በኢታንግ አቅራቢያ ከወንዙ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ተፈቀደ። ጣቢያውም በጋምቤላ ከተቋቋመ በኋላ ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጨውና የጥጥ ጨርቅ አራግፈው፥ ቡና፥ ሰምና ቆዳ ጭነው ይመለሱ ነበር። ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ፥ በጥቅምት ወር 1949 ዓ.ም. (በአውሮጳ አቈጣጠር 1956) ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። መርከቦቹ ይመላለሱ የነበሩት ወንዙ በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ስለ ነበረ፥ የዘገየ መርከብ በአሸዋ ላይ ተቀምጦ የሚቀጥለውን ክረምት እንዳይጠብቅ ያሰጋ ነበር።

ያ የመርከብ ንግድ ዛሬ የለም፤ በወንዙ ላይ የሚሠሩት በቤንዚን ወይም በናፍጣ የሚንቀሳቀሱ ጀልባዎች ናቸው። የወራቱ ማጠር ግን እንደ ቀድሞው ነው። በሙላቱ ወራት ሞተሩ የቆመበት ነጋዴ፥ የጠፋበትን ሳምንት በበጋ ሊያካክሰው አይችልም። ስለዚህ የጀልባ ባለቤቶች ሁሉ የሚያውቁትን አንድ ችግር መመርመር ይገባል። ይኸውም ሞተሩ በዳር ሲነሣ በደኅና ይሠራል፤ ባዶ ጀልባም ይዞ ይሮጣል፤ በቆሎ ወይም ዓሣ ተጭኖበት ከኢታንግ ወደ ጋምቤላ ሽቅብ ሲወጣ ግን ይንተፋተፋል፥ ጉልበቱም ይወርዳል።

ጉዳቱ ከሚታሰበው በላይ መሆኑን ቀላል ሒሳብ ያስረዳል። ጀልባው በረጋ ውሃ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፥ የወንዙም ፍጥነት በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ሽቅብ ሲወጣ በሰዓት የሚያተርፈው 3 ኪሎ ሜትር ነው፤ የ12 ኪሎ ሜትሩን መንገድ በ4 ሰዓት ይፈጽማል። ሞተሩ ደክሞ ፍጥነቱ ወደ 6 ቢወርድ ትርፉ 1 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ያው መንገድ 12 ሰዓት ይፈጃል። ፍጥነቱ በሩብ ሲቀንስ ጊዜው ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። የነዳጁ ወጪ ይጨምራል፥ ዓሣው ይበላሻል፥ ተሳፋሪዎችም በወንዝ ላይ ይመሽባቸዋል።

«ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፥ መፍቻ ከማንሣት በፊት አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ጀልባው ሲዘገይ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ይላል ወይስ ዝቅ ይላል? ሞተሩ በኃይል እየጮኸ ጀልባው የማይገፋ ከሆነ፥ ጥፋቱ ያለው ውሃውን በሚገፋው በፕሮፔለሩ ላይ ነው። ምላሱ ተቈርጦ ወይም ታጥፎ፥ በውስጡ ያለው ጎማ ተንሸራትቶ፥ ወይም ሞተሩ ከፍ ብሎ በመታሰሩ ፕሮፔለሩ አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል። የሞተሩ ዙር ከወረደ ግን፥ ወይ ሸክሙ ከዐቅሙ በላይ ነው፥ ወይ ሞተሩ ራሱ ታሟል።

ሸክምን መመርመር ገንዘብ አያስወጣም። በጀልባው ወለል የተጠራቀመ ውሃ ያልተቈጠረ ጭነት ነው። ወደ ኋላ የተከመረ ዕቃም የጀልባውን አፍንጫ ያነሣዋል፥ ሞተሩንም ያደክመዋል። በወንዙ የሚገኘው እንቦጭና ሙላት የሚያመጣው ሣር በፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሞ እንደ ሆነ፥ ሞተሩ ጠፍቶ ሊታይ ይገባል።

ሸክሙ ልክ ሆኖ ሳለ ሞተሩ ከተንተፋተፈ፥ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ነዳጁ ነው። ሞተር በሚኒሞ ሲሠራ የሚጠጣው ነዳጅ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ግማሹ የተደፈነ ፊልትሮ እንኳ ይበቃዋል። ሸክም ሲመጣ ብዙ ነዳጅ ይጠይቃል፤ የጠበበው መተላለፊያም ሊያደርስለት አይችልም። በዳር የተሞከረ ሞተር በወንዝ መካከል የሚያሳፍረው በዚህ ምክንያት ነው።

ምርመራው በቅደም ተከተል ይሁን። አንደኛ፥ በነዳጅ ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ያለው የአየር ቀዳዳ መከፈቱ ይታይ፤ ቀዳዳው ከተዘጋ ነዳጁ ሲቀንስ ምትኩ አየር ስለማይገባ ፖምፓው መሳብ ያቅተዋል። ሁለተኛ፥ ሞተሩ በሸክም ሲደክም በቱቦው ላይ ያለው የእጅ ጎማ ፖምፓ ይጨመቅ፤ ሞተሩ ወዲያው ከበረታ ነዳጅ አልደረሰውም ማለት ነውና ቱቦው፥ ማያያዣው፥ ፊልትሮውና የነዳጁ ፖምፓ ይመርመሩ። ሦስተኛ፥ ሞተሩ ንጹሕ ነዳጅ ካለበት ሌላ ማጠራቀሚያ ጋር ተያይዞ ይሞከር፤ ከተሻለው ጥፋቱ በመጀመሪያው ማጠራቀሚያ፥ በቱቦው ወይም በነዳጁ ላይ ነው። ካልተሻለው ወደ ካርቡራቶሩ ቀጭን ቀዳዳዎች መሄድ ይገባል። በናፍጣ ለሚሠራ ሞተር ደግሞ በቱቦው የገባ አየር መውጣት አለበት፤ በሸክም ጊዜ ጥቁር ጢስ ቢወጣ የአየር ማጣሪያው መደፈኑን ወይም ጭነቱ መብዛቱን ያመለክታል።

ነዳጅ የሚሸጡ ባለሱቆችም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። ቆሞ ዝናብ የሚመታው በርሜል በከንፈሩ ውስጥ ውሃ ያቁራል፤ ቀን ሞቆ ሌሊት ሲበርድ ያንን ውሃ በላላው ክዳን በኩል ወደ ውስጥ ይስበዋል። ስለዚህ በርሜል በመጠለያ ሥር ቢቀመጥ፥ መጠለያ ከሌለም በጎኑ ተጋድሞ ሁለቱ ክዳኖች በአንድ መስመር አግድም ቢሆኑ ይሻላል። ውሃ ከቤንዚንና ከናፍጣ ስለሚከብድ ከሥር ይዘቅጣል፤ በርሜሉ ሳይነቃነቅ አድሮ ቢቀዳ፥ የሥሩም ዝቃጭ ለደንበኛ ባይሰጥ፥ ለሻጩ ክብር ለገዢውም ደኅንነት ነው።

ነዳጁ ጤነኛ ከሆነ ካንዴላዎቹ ወጥተው ይታዩ። የጠቈረና የረጠበ ካንዴላ የዘይት ወይም የነዳጅ መብዛትን፥ ወይም የእሳቱን መድከም ያሳያል። የነጣና የተቃጠለ ካንዴላ ግን የነዳጅ ማነስንና የሙቀት መብዛትን ይመሰክራል። ቀጥሎ ከሞተሩ ጎን የሚፈሰው የማቀዝቀዣ ውሃ ይታይ። የክረምቱ ውሃ ደለል ስለሚሸከም የውሃ ፖምፓውን ጎማ ይበላዋል፥ መግቢያውንም ይደፍነዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሞተሩ ካልዳነ የፒስተኑን እመቃ የሚለካ መካኒክ መጥራት ይገባል።

የሚደክምን ሞተር በግድ መንዳት ትልቅ ኪሳራ ነው። ዘይቱ ከቤንዚን ጋር በሚቀላቀልበት ሞተር፥ ነዳጅ ሲያንስ ማለስለሻውም አብሮ ያንሳል። ፒስተኑ ይግላል፥ ይላጣል፥ በመጨረሻም ይጣበቃል። በአንድ ፊልትሮ መለወጥ ይድን የነበረው ነገር አዲስ ሞተር ያስገዛል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

አስመጪዎችም ሞተር ሲያስመጡ ፊልትሮ፥ ካንዴላ፥ የውሃ ፖምፓ ጎማና ትርፍ ፕሮፔለር አብረው ቢያመጡ ይበጃል፤ ጋምቤላ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀች ናትና የጐደለ ዕቃ ቶሎ አይደርስም። ፕሮፔለሩም ለጭነት ጀልባ የተስማማ ይሁን። ሙሉ ጭነት ይዞ ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ሲሰጠው ሞተሩ ፋብሪካው ወደ ወሰነው ዙር ካልደረሰ፥ የምላሱ ጥምዘዛ ያነሰ ፕሮፔለር ያስፈልገዋል፤ ጥምዘዛው በአንድ ኢንች ሲቀነስ የሞተሩ ዙር በደቂቃ በግምት ከ150 እስከ 200 ይጨምራል።

በመጨረሻም የተጠገነ ሞተር በባዶ ጀልባ ተሞክሮ ብቻ የሰውና የንግድ ዕቃ አደራ ሊጣልበት አይገባም። በጀልባው ላይ የአሸዋ ከረጢት ተጭኖ፥ መቅዘፊያና መልሕቅ ተይዞ፥ በቂ ጊዜ ሽቅብ ይነዳ። ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ ቢከዳ ወንዙ ራሱ ወደ ተነሡበት ዳር ይመልሳል፤ ቁልቁል ወርዶ የከዳ ሞተር ግን ሰዎቹንና ዕቃውን ከቤታቸው ያርቃቸዋል። ጭነቱ መጫን ያለበት ከዚህ ፈተና በኋላ ነው።