«ሰሞኑን ምን እያነበብክ ነው?»

ሁለት የተማሩ ወጣቶች በመንገድ ሲገናኙ፣ ስለ ጤናና ስለ ቤተ ሰብ ከተጠያየቁ በኋላ፣ አንዱ ሌላውን «ለመሆኑ ሰሞኑን ምን እያነበብክ ነው?» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው። ጥያቄው መልካም ጥያቄ ነው። መልሱን ልብ ብሎ ያዳመጠ ሰው ግን አንዳንድ ጊዜ ከሰላምታው የማይሻል ሆኖ ያገኘዋል። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» የሚል ሰው ሁሉ በእርግጥ ደኅና እንዳልሆነ ሁሉ፣ «የእገሌን መጽሐፍ ይዣለሁ፤ ግሩም ድርሰት ነው» የሚልም ሁሉ መጽሐፉን ገልጦታል ማለት አይደለም።

ይህን የምንለው በሌላው ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም። የራሱን ጉድፍ ሳያወጣ የሰውን የሚያይ ሰው ምን እንደሚባል እናውቃለን። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን የራሳችንን ጥፋት ለአንባቢ እንናዘዛለን።

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀን ሥራ ከያዝን ገና ብዙ ጊዜ አልሆነንም። በምንሠራበት መሥሪያ ቤት የዓርብ የምሳ ሰዓት ከሌላው ቀን ረዘም ስለሚል፣ አምስት ስድስት የምንሆን ሰዎች በሠራተኞች ክበብ ተሰብስበን ቡና እየጠጣን ስለምናነበው መጽሐፍ አስተያየት መለዋወጥ ጀመርን። ከመካከላችን በመዝገብ ቤት የሚሠሩ፣ ጡረታቸው የተቃረበ አንዲት እናት አሉ። እኛ «እትዬ» እንላቸዋለን፤ እሳቸውም ሁላችንንም «ልጄ» ይሉናል። ብዙ ጊዜ ያዳምጣሉ እንጂ አይናገሩም።

አንድ ዓርብ ወሬው የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አነሣ። ተራው ሲደርሰን ጉሮሮአችንን ጠረግን፤ «መጽሐፉ የባላባቱን ሥርዓት ግፍ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ፣ አቻ ያልተገኘለት ድርሰት ነው» አልን። ጓደኞቻችን ራሳቸውን ነቀነቁ። እኛም በንግግራችን ደስ አለን።

እትዬ ግን ሲኒያቸውን አስቀመጡና «እሱስ ልክ ነው ልጄ፤ ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። የበዛብህን ስእለት እንዴት ታየዋለህ? እናትና አባቱ አጥፍተዋል ትላለህ ወይስ አላጠፉም?» አሉን።

አንባቢ ሆይ! ስለዚያ ስእለት የምናውቀው ነገር አልነበረም። ስለ መጽሐፉ ያለን ዕውቀት በተማሪ ቤት ለፈተና የሸመደድነው ጥቂት ገጽ፣ ከዝነኛው ተዋናይ ከወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ንባብ በየመካከሉ የሰማነው ቁራጭ፣ የቀረውም ከሰው አፍ የለቀምነው ነበር። ቢሆንም አላፈርንም፤ «እሱንማ ደራሲው በሰፊው ገልጸውታል» ብለን መለስን። እትዬ ጥቂት ተመለከቱን። ከዚያም ምንም ሳይሉ ወሬውን ወደ ሌላ መለሱት፤ ቡናም ጨመሩልን። ቢያጋልጡን ኖሮ ምናልባት እንከራከር ነበር። ዝም ብለው ስለ ሸፈኑልን ግን ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደንም።

ሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤት ገብተን «እትዬ፣ መጽሐፉን አላነበብኩትም» አልናቸው። ሣቁ። ከመሳቢያቸውም በጋዜጣ የተለበደ አሮጌ መጽሐፍ አውጥተው «በል ይኸው፤ ሳትጨርስ እንዳትመልሰው» ብለው ሰጡን።

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. የታተመ፣ ከ500 ገጽ የሚበልጥ መጽሐፍ ነው። ሦስት ሳምንት ፈጀብን። የበዛብህ እናትና አባት በዕድሜ ገፍተው ያገኙት ልጅ በጨቅላነቱ ሲታመምባቸው፣ ሞት ከሚወስደው ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ሊሰጡት ይሳላሉ። ልጁም ይተርፋል፤ አድጎ ቅኔ ተምሮ የሰብለ ወንጌል መምህር በሆነና ልቡ በፍቅር በተያዘ ጊዜ ግን፣ እሱ ያልተሳለው ስእለት በፍቅሩና በኅሊናው መካከል ይቆማል። እኛ ቀደም ሲል ጥፋቱን ሁሉ ልጃቸውን ለሚመጥን የዘር ሐረግ አጥተው ጠያቂውን ሁሉ በሚመልሱት በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ስንጭን ነበር። አሁን ግን የመጀመሪያውን ገመድ ያሰሩት ልጃቸውን ከነፍሳቸው አብልጠው የወደዱት ድኻ ወላጆቹ መሆናቸውን አየን። ትዕቢት ብቻ ሳይሆን ፍቅርም ሰውን ሊያስር እንደሚችል ማንም አልነገረንም ነበር፤ በተማሪ ቤት የሸመደድነውም አልነገረንም።

ከመጽሐፉ ይልቅ ያስደነቀን ሌላም ነገር አለ። በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተጻፉ፣ የሁለት ሰው የእጅ ጽሕፈት ያለባቸው አስተያየቶች ነበሩ። አንደኛው የእትዬ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከጥቂት ዓመታት በፊት ያረፉት ባለቤታቸው ነው። ስለ ስእለቱ በሚናገረው ገጽ ላይ ባልየው «ሰው በራሱ ዕድሜ ይሳል እንጂ በሌላው ዕድሜ ሊሳል አይገባውም» ብለው ጽፈዋል። ከሥሩም እትዬ «የታመመ ልጅ ታቅፎ ያላደረ ሰው እንዲህ ይላል» ብለው መልሰዋል። ከዚያም ዝቅ ብሎ፣ በሌላ ጊዜ እንደ ተጻፈ በሚያስታውቅ እርሳስ፣ ባልየው «አሁን ገባኝ። ግን አሁንም ልክ አይደለም» ብለዋል።

ምን ሆኖ ነው ብለን ጠየቅናቸው። የበኵር ልጃቸው በሕፃንነቷ በጠና ታማ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ፣ ባለቤታቸው እርሳቸው ሳያውቁ ተስለው እንደ ነበረ ነገሩን። «ስትድን ቤት መጣና መጽሐፉን አውጥቶ ይህን ጻፈ። ያን ዕለት ነው ይበልጥ የወደድኩት» አሉን።

እንግዲህ ስለ መጽሐፍ አስተያየት መለዋወጥ ማለት ይህ ነው። አንዱ ያመነበትን ይናገራል፤ ሌላው ከኑሮው ተነሥቶ ይመልሳል፤ የፊተኛውም እንደ ገና ያስባል። በመጨረሻ አንድ ሐሳብ ላይ ላይደርሱ ይችላሉ። ነገር ግን ሁለቱም ቀድሞ ከነበሩበት ቦታ አልፈው ሄደዋል።

ነገሩ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። የቀድሞ ሊቃውንቶቻችን መጻሕፍትን ሲተረጕሙ አንዱን ፍች ካስቀመጡ በኋላ «አንድም» ብለው ሌላውን ከጎኑ ያስከትላሉ። የኋለኛው ሐሳብ የፊተኛውን አይሰርዘውም፤ ሁለቱም ይቀመጡና የሚሰማው ሰው ይመዝናቸዋል። በቅኔ ቤትም ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ መምህሩም ይሰማዋል፤ ያርመዋል። ሌላ ሰው የቆጠረውን የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ተማሪ ቢኖር ምን ያህል እንደሚያፍር መገመት አያዳግትም። ታዲያ ዛሬ በሰው አስተያየት የምናጌጥ ሰዎች ለምን አናፍርም?

አስተያየትን በነጻነት መለዋወጥ እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር እንዳልሆነም ያለፈው ታሪካችን ይመሰክራል። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የተባለውን መጽሐፉን በ1975 ዓ.ም. ባሳተመ ጊዜ፣ መጽሐፉ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። ያን ጊዜ መጽሐፉን ያገኘ ሰው በስውር ያነበው፣ አስተያየቱንም ለሚያምነው ሰው ብቻ በሹክሹክታ ይነግረው ነበር። ዛሬ ያው መጽሐፍ በየመጻሕፍት መደብሩ ይገኛል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ ለዓለም አንባቢ ቀርቧል። እኛ በክበብ ተቀምጠን ጮክ ብለን የምንነጋገርበትን ነገር አባቶቻችን በሹክሹክታ ሲነጋገሩበት እንደ ነበረ ብናስታውስ፣ ቃላችንን ባላባከንን ነበር።

ሌላም ምሳሌ አለ። ገጣሚው ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን በእስር ላይ ሳለ፣ አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቸል በ1936 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያሳተመችውን ትልቅ ልብ ወለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ወደ አማርኛ መለሰው። ወረቀት ስላልነበረው የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነበር። ጽሑፉም በዚያው በፓኮ እየተደበቀ ጥቂት በጥቂት ከእስር ቤት ወጣ፤ በኋላም መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ነገን ማየቱን የማያውቅ እስረኛ እንዲህ ከደከመ፣ ወንበርና መብራት ያለን ሰዎች «አልተመቸኝም» ለማለት ምን አፍ አለን?

«ሥራ በዝቶብኝ ነው» የሚለውን ምክንያት በተለይ ከወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ዘወትር እንሰማዋለን። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። በዓሉ ግርማም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። እነዚህ ሰዎች ከሥራቸው ጋር መጽሐፍ መጻፍ ከቻሉ፣ እኛ ከሥራችን ጋር ማንበብ እንዴት ያቅተናል? «የመጽሐፍ ዋጋ ተወደደ» የሚለው ግን እውነት ነው፤ በደመወዛችን እናውቀዋለን። ቢሆንም ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያገለግለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆትም አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ መዋዋስ አለ፤ የተዋሰ ሰው መመለስን እስካልረሳ ድረስ።

በዓርብ ስብሰባችን ከዚህ ወዲህ ሦስት ነገር ለመጠበቅ ተስማምተናል። ለአንባቢም ይጠቅም እንደ ሆነ እንጽፈዋለን።

መጀመሪያ፣ እያንዳንዱ ሰው እስከ የት እንዳነበበ አስቀድሞ ይናገራል። «ገና ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነኝ» ማለት ነውር አይደለም። ነውሩ ከሁለተኛው ምዕራፍ ተነሥቶ ስለ መጨረሻው መፍረድ ነው።

ሁለተኛ፣ «ግሩም ነው» ወይም «አይረባም» የሚል ሰው ቦታውን ያሳያል። የትኛው ገጽ አስደሰተህ? የቱ ላይ ሰለቸህ? የማንኛው ሰው ጠባይ እውነት አልመሰለህም? ቦታው ያልተጠቀሰ ምስጋና ለማንኛውም መጽሐፍ ይሆናል፤ ለማንኛውም የሚሆን ደግሞ ለአንዱም አይሆንም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው፣ አለቃም ቢሆን ተናግሮ ሲጨርስ የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው በአክብሮት ሐሳቡን ይናገራል። አንድ ቀን የመምሪያችን ኃላፊ ከእኛ ጋር ቡና ሊጠጡ ተቀምጠው አንድ አዲስ ልብ ወለድ አመሰገኑ። ሁላችንም «ልክ ነው» አልን። ከስብሰባው ስንወጣ ግን ከአራታችን ሦስታችን መጽሐፉን እንዳልወደድነው ተነጋገርን። ነገሩ ለጊዜው አሣቀን፤ በኋላ ግን አሳሰበን። በልብ ወለድ ላይ ያለውን አስተያየት በአለቃው ፊት ለመናገር የሚፈራ ወጣት፣ ነገ የሰው ጉዳይ ባለበት መዝገብ ላይ አስተያየት ጻፍ ሲባል ምን ሊጽፍ ነው? በቃለ ጉባኤ ላይስ በማን ሐሳብ ሊፈርም ነው? በመጽሐፍ ላይ የሚለማመዱት ቅንነት ብዙ ዋጋ አያስከፍልም፤ በሥራ ላይ የሚታጣው ቅንነት ግን ባለጉዳዩን ያስከፍለዋል። በሚቀጥለው ዓርብ ከመካከላችን አንዱ ደፍሮ ያልወደደበትን ምክንያት ለኃላፊው ነገራቸው። አልተቆጡም፤ «ታዲያ ያን ዕለት ለምን ዝም አልክ?» ብለው ጠየቁት እንጂ። መልስ አጣ። እኛም አጣንለት።

መጽሐፉን ለእትዬ በመለስንበት ቀን አስተያየታችንን ጠየቁን። በዚህ ጊዜ የምንለው ነበረን። ወላጆቹ ከሞት ጋር የገቡትን ውል ልጁ ሳይጠየቅ እንዲከፍለው መደረጉ እንዳሳዘነን፣ ቢሆንም በእነርሱ ቦታ ብንሆን ሌላ ነገር እናደርግ እንደ ሆነ እርግጠኛ እንዳልሆንን ነገርናቸው። እትዬ «ገና ልጅ አልወለድክም፤ ቆይ» ብለው ተከራከሩን። ክርክሩ እስከ ሥራ ሰዓት ድረስ ዘለቀ፤ አልተሸነፉም፤ እኛም አልተሸነፍንም።

በመጨረሻ መጽሐፉን በዚያው ገጽ ላይ ገልጠው ከመሳቢያቸው እርሳስ አወጡና ሰጡን። «ያልከውን ጻፈው፤ ቦታ ይበቃሃል» አሉን። ከሁለቱ ጽሕፈት በታች ጻፍን።